የበያጁ ሲቪ

«ሲቪ ማጻፍ ፈልጌ ነበር!»

ድምፁ የወደብ ከተማዋን የሪየካን ቤተ መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር አናወጠው። አንባቢው ሁሉ ቀና አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኔቬንካ ደንግጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ ይበሉ እንጂ ጌታዬ! ሰው እያነበበ ነው።»

«ይቅርታ የኔ እመቤት... ዕድሜዬን መርከብ መሥሪያ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። እዚያ ካልጮኹ የሚሰማ የለም።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ኔቬንካ ሳቋ አመለጣት። ከባሏ ከተፋታች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ቬድራን ይባላል፤ በያጅ ነበር። ትከሻው ተጎድቶ ሐኪሙ «ብየዳ ይብቃህ» ብሎታል። ኔቬንካ ደግሞ እዚያ ቁጭ ብላ ሥራ ፈላጊዎችን ሲቪ በማዘጋጀት ታግዛለች።

«ምን ልጻፍልዎ?»

«በያጅ። በቃ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለኝ? ብረትን ከብረት ማጋጠም ነው የማውቀው።»

እሷ ግን በዋዛ አልለቀቀችውም። ስትጎተጉተው ጊዜ፣ ወደ መርከብ መሥሪያው የሚገቡትን ወጣቶች ሁሉ ሥራ ያስለመደው እሱ መሆኑን ነገራት። ስለ እነሱ ሲያወራ ዓይኑ በራ።

«አንዱማ እጁ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። እጁን ይዤ፣ ቀስ... ቀስ... አሁን ቢያዩት ከኔ ይበልጣል!»

«ታዲያ እርስዎ አስተማሪ ነዎት እኮ!»

ቬድራንን በሕይወቱ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም።

ሲቪው በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። እሱ ግን «ዓመተ ምሕረቱ ተሳስቷል» እያለ ይመላለሳል፤ ቡሬክ የሚሉትን አይብ የገባበት ትኩስ ቂጣ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። እሷም የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክላለች። «እርስዎ» መባባሉ መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላወቁትም።

አንድ ቀን ኔቬንካ የሥራ ማስታወቂያ ዘረጋችለት። ኦሲየክ ከተማ ያለ የሙያ ትምህርት ቤት የብየዳ መምህር ይፈልጋል።

«ኦሲየክ?» ፊቱ ጠቆረ። «የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ? ይህን ያህል አርቀሽ ልትልኪኝ ቸኮልሽ?»

«እኔ እኮ...»

«ገባኝ። መመላለሴ ሰልችቶሻል።»

ማስታወቂያውንም ሲቪውንም ይዞ ወጣ። ሳምንታት አለፉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ኔቬንካ ቀና ትላለች... እሱ አይደለም።

በመጨረሻ መጣ። ጠረጴዛዋ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሻሽ ጀመር።

«ተናድጄም ቢሆን ሲቪውን ልኬው ነበር። ተቀበሉኝ።»

«እንኳን ደስ አለህ!» አለች፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ።

«አልሄድም። መርከብ መሥሪያው የበር ጥበቃ ሥራ ሰጥቶኛል። እዚሁ እሆናለሁ።»

«ለምን?»

«አንቺ እዚህ ነሻ!»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ቬድራን... ላርቅህ የፈለግሁ መሰለህ? ያን ማስታወቂያ ባየሁ ጊዜ ቀድጄ ልጥለው ነበር! ግን ስላስተማርካቸው ልጆች ስታወራ ፊትህን አይቼዋለሁ። ለኔ ብለህ በር ስትጠብቅ ብትኖር ውሎ አድሮ ትጠላኛለህ።»

«እኔ? አንቺን?»

«ሂድልኝ። እኔም እከተልሃለሁ።»

«እውነትሽን ነው?»

«ኦሲየክ ቤተ መጻሕፍት የላትም እንዴ?»

ከጠረጴዛው ዞራ መጥታ አቀፈችው። ሰው ያየናል ብላ አላፈረችም።

ክረምቱን ቅዳሜ ቅዳሜ አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ ረጅሙን የአውቶቡስ መንገድ እየተመላለሱ አሳለፉት። የጸደይ አበባ ሲፈነዳ ኔቬንካ ኦሲየክ ሥራ አገኘችና ጓዟን ጠቅልላ ገባች።

ሠርጋቸው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሆነ። ተማሪዎቹ ራሳቸው በበየዱት፣ አበባ በተጠመጠመበት የብረት ቅስት ሥር ሙሽሮቹ ቆሙ። ቬድራን አንገቱን አስግጎ አንዷን መጋጠሚያ ያይ ጀመር።

«ይቺ እኮ ትንሽ ጠማለች...»

ኔቬንካ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ መለሰችው።

«ዛሬ እንኳ ብየዳውን ተወውና እኔን እይ!»

አያት። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ብረቱን አላየም።