ከሰሌዳው አናት ላይ

ሰውየው በጀርባው ተንጋሎ ነበር የተገኘው። ከጎኑ መሰላል ወድቋል፤ ከመሰላሉ ሥር ግማሹ የተዘረጋ ትልቅ የአፍሪካ ካርታ ተጨማዷል። ቅዳሜ ጠዋት ለማጠናከሪያ ትምህርት ክፍሉን ሊከፍት የመጣው ዘበኛ ከደጃፉ አላለፈም። ጮኸ፣ በሩን መልሶ ቆለፈና ፖሊስ እስኪደርስ ቁልፉን ከጭብጡ አልለቀቀም።

የተላከችው መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ሴት ናት። የሰጧትን ወሬ ሁሉ ተቀብላ ዝም ትላለች፤ ስትጨርስ እንክርዳዱ ለብቻ፣ ፍሬው ለብቻ ነው። ወደ ክፍሉ ስትገባ የጠመኔ ሽታና ሌላ ከባድ ሽታ ተቀበላት። ባዶዎቹ ዴስኮች ወደ ሬሳው ዞረው ትምህርት የሚጠባበቁ መሰሏት።

ሟቹ የሰባተኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህር ነበር። አገርና ዋና ከተማን በዜማ ስለሚያስጠና ተማሪዎቹ «ካርታው» ይሉታል።

«የኋላ ጭንቅላቱ ነው የተመታው» አለ ሐኪሙ ከተንበረከከበት ቀና ሳይል።

«ወድቆ ነው?»

«ሊሆን ይችላል። ግን ወዲያው አልሞተም። እዚሁ ተኝቶ ሲተነፍስ ቆይቷል።»

መርማሪዋ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረች። የታችኛው ግማሽ ሲጻፍበት ሲጠፋበት ነጥቷል፤ የላይኛው ግን ማንም እንዳልነካው ጠቁሯል። ከዚያ ከጠቆረው ላይ፣ ከአናቱ፣ በትልልቁ ተጽፏል፦ ኬንያ — ናይሮቢ፤ ጋና — አክራ፤ ናይጄሪያ — ሌጎስ፤ ሴኔጋል — ዳካር። እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም። ሰሌዳውን በነጭ ጨርቅ አስሸፍና በሩን ራሷ ቆለፈች።

ዳይሬክተሩ ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆሟል። ረጅም፣ ሽበታም፣ ክራቫቱ ያልተዛነፈ ሰው ነው።

«ገብተው አይተውታል?» አለችው።

«እኔ ደም ማየት አልችልም፤ እግሬ ያንን በር አላለፈም። ምን ዓይነት መዓት ነው! መሰላል ላይ ብቻህን አትውጣ ብዬ ስንቴ ለመንኩት። ሁልጊዜ ካርታ ሲሰቅል ነው የማገኘው። ግትር ነበር።»

«ትላንት ሲለያዩ እንዴት ነበር?»

«በሰላም ነዋ! ደህና እደር፣ ደህና እደሩ ተባብለን ወጣሁ።»

ሚስትየዋ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ እንደ ደረቀ ጉድጓድ ሆኗል።

«ተጣልታችሁ ነበር ይላሉ» አለች መርማሪዋ።

«እውነት ነው። ትላንት ጠዋት ሸሚዙን እያለበስኩት ተጣላን። ነገር አትቆስቁስ አልኩት።»

«ያለብሱታል እንዴ?»

ሚስትየዋ አመነታች። «ቀኝ ትከሻው አይነሳም፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ። ሰው እንዲያውቅበት አይፈልግም። ሰሌዳ ላይ እንኳ ዝቅ አድርጎ ነው የሚጽፈው።»

«ዜማውንስ ያውቁታል?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።» ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «‹ሌጎስ ትልቅ ብትሆን፣ አቡጃ ናት ዋና…›» ከዚያ በላይ አልቻለችም። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

የታሪክ መምህሩ የሟቹ የቅርብ ጓደኛ ነው። እጅጌው ጠመኔ ነክቶታል።

«ካርታ የምሰቅልለት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ ዓመት ሙሉ መሰላል አልረገጠም።»

«ትከሻው ምን ሆኖ ነው?»

መምህሩ በሩን ገልመጥ አደረገ። «ባለፈው ክረምት ተማሪዎችን ለጉብኝት ይዘን ወጥተን ነበር። ወንዙ ሞልቷል፣ ይቅር ብለን ለመንነው። ዳይሬክተሩ ‹ለበላይ ተነግሯል፣ ሂዱ› አለን። አንዲት ልጅ ድንጋይ አንሸራተታት። እሱ እጇን ያዛት። ትከሻው ከመጋጠሚያው ወጥቶ እንኳ አልተዋትም፤ ጎርፉ ነው ከእጁ የነጠቃት።»

«ሲጣራስ?»

«ዳይሬክተሩ ‹ሳልፈቅድለት ነው የሄደው› አለ። እኔ ፈራሁ። እሱ ደግሞ ‹ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ› ብሎ ነቀፌታውን ተሸከመ። ዛሬ ግን እናቷ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ሊነግራት ወስኖ ነበር። ሰውን ከጀርባ አልወጋም ብሎ፣ ትላንት ለዳይሬክተሩ አስቀድሜ እነግረዋለሁ አለኝ።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ መስኮቱን ያንኳኳል። ሁለት ፖሊሶች በሩን ይዘው ቆሙ።

«ይህ ሰው ከመሰላል አልወደቀም» አለች። «አልወጣማ! ክንዱ የማይነሳ ሰው ካርታ ሊሰቅል አይወጣም። ከሰሌዳው አናት ላይም አይጽፍም። ስለዚህ መሰላሉን ያጋደመውም፣ የጻፈውም ሌላ ሰው ነው። ትምህርት ሲያዘጋጅ ወደቀ እንድንል ተፈልጓል።»

ወደ ሚስትየዋ ዞረች።

«ሚስቱ ስለ ትከሻው ታውቃለች። ጓደኛውም ያውቃል። እነሱ ሊያታልሉን ቢፈልጉ ከታች ይጽፉ ነበር፤ መሰላሉንም አይነኩትም። የጻፈው ትከሻውን የማያውቅ፣ ቁመቱም እዚያ የሚደርስ ሰው ነው። ዳይሬክተር፣ እርስዎ ‹ሁልጊዜ ካርታ ሲሰቅል አገኘዋለሁ› ብለውኛል። ዓመት ሙሉ ያልሆነውን ነገር የት አዩት?»

«አረጀሁ እኮ፤ የድሮው ተምታቶብኝ ይሆናል» አለ ዳይሬክተሩ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«ይሆናል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ሰሌዳው ላይ ካሉት ዋና ከተሞች አንዱ ስህተት ነው። እንዲህ ያለ መምህር ይሳሳታል?»

«እንዴ፣ ስህተት ነው ብለሽ ነው?» ዳይሬክተሩ ፈጠን አለ። «ሌጎስ እኮ ዋና ከተማ ነበረች! እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው። የድሮውን ጽፎት ቢሆንስ?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ዳይሬክተሩ ያለው የገባው ከሁሉም ዘግይቶ ነው።

«የትኛው ከተማ እንደሆነ አልነገርኩም» አለች መርማሪዋ ድምጿን ሳታነሳ። «ዘበኛው ከደጃፍ ቆለፈ፤ እኔ ሸፈንኩት። የእርስዎ እግር ደግሞ በሩን አላለፈም ነበር።»

ዳይሬክተሩ ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም። የዴስኩ ጥግ አገኘው። ሠላሳ ዓመት የገነባሁትን ስም በአንድ ቀን…»

«ከገፉት በኋላ ሐኪም መጥራት ይችሉ ነበር።» መርማሪዋ ጎንበስ አለችበት። «ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ከኋላዎ ትንፋሹን ይሰሙት ነበር። አይደለም?»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ክራቫቱን ለማላላት ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዙለትም። ሚስትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዳይሬክተሩን ሲወስዱት የታሪክ መምህሩ መርማሪዋን ተከተላት። «የልጅቷ እናት ዘንድ ከሄድሽ እኔም ልምጣ» አላት። ካፊያ እየመታቸው ሄዱ።

በሩን የከፈተችው ጥቁር የለበሰች ሴት ነበረች። ማንነታቸውን ስትሰማ ፊቷ እንደ ድንጋይ ሆነ።

«ልጄን ለወንዝ የለቀቃት ሰውዬ ሞተ አሉ» አለች። «ምን ላድርግላችሁ? ላልቅስለት?»

የታሪክ መምህሩ ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን ተናገረ።

«አልለቀቃትም፣ እናቴ» አላት። «አጠገቡ ነበርኩ። አልለቀቃትም።»

ሴትዮዋ አየችው። ከዚያ ገለል ብላ መግቢያውን ለቀቀችላቸው።