ሜዳው ላይ የተነጠፉት ጋቢዎች

የወደደ ሰው ነገር አያመዛዝንም፤ ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሉሲ ያን ሐሙስ የእናቷን ሁለት ጋቢዎች ከሣጥን አውጥታ ስትሮጥ፣ «ቆይ እስቲ ልጄ፣ አስቢበት!» የሚላት አንድ ሰው በአጠገቧ ቢኖር ምን ነበረበት? አልነበረም።

ኢዮስያስን ያወቀችው በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ጨለለቅቱ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው። እሷ እንደ አልጋ ከፍ ብሎ በተሠራው ማድረቂያ ላይ ከተሰጣው ቡና የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች። እሱ የዲላ ልጅ ነው፤ ኃይለኢየሱስ የሚባል ጓደኛው በሚያበርረው ትንሽ አውሮፕላን እየተሳፈረ ለካርታ ሥራ የቡናውን መሬት ፎቶ ያነሳል። ያን ቀን ግን በእግሩ መጣ።

«እህቴ፣ እዚህ አገር አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ የለም?»

«ሜዳ? የድስት ክዳን የሚያህል ካገኘህ ለእኛም አሳየን!»

ለቃሚዎቹ ሁሉ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ እሷን እሷን አያት። አጎነበሰች። ጣቶቿ ደህናውን ፍሬ እየለቀሙ ይጥሉ ጀመር።

እውነቷን ነው። ያ አገር ዳገትና ቁልቁለት፣ እንሰትና ቡና ነው። ለጥ ያለ ቦታ ቢኖር የትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ብቻ ነው።

ኢዮስያስ ማጠቢያው ጋ ሲመላለስ ከርሞ ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ወልደዮሐንስ ሁለት ጊዜ መለሷቸው።

«ልጄን ሰማይ ላይ ለሚውል ሰው? እግሩ መሬት ሳይነካ ጎጆውን የሚተክለው የት ነው?»

ሦስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ሆነ። ኢዮስያስ ያን ቀን በረራ ነበረው፤ ስልክ ደግሞ ቤታቸው አልገባም።

«አባትሽ እሺ ካሉ ነጭ ነገር አንጥፊልኝ፤ ከላይ አየዋለሁ» አላት።

«እምቢ ካሉስ?»

«እምቢ ካሉማ መሬቱን ባላየው ይሻለኛል።»

ሐሙስ ጠዋት አባቷ ለሽማግሌዎቹ፣ «እንግዲህ እግዚአብሔር የፈቀደው ይሁን» አሉ። የቡና ማድረቂያው አልጋ ስለሞላ ከላይ የሚታይ ሌላ ቦታ አልነበረም። ሉሲ ጋቢዎቹን ኳስ ሜዳው መሃል ላይ አነጠፈቻቸው።

የገበያ ቀን ነበር። ሜዳ ላይ ነጭ ከተነጠፈ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው ብሎ ሕዝቡ ገበያውን ጥሎ ጎረፈ። እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ሽማግሌዎች ምርኩዝ ይዘው መጡ።

«ማን ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቄ! አንቺ እልል በይ ብቻ!»

ሉሲ አፈረች። «ለእኔ ነው፣ ሂዱ» ማለት አቃታት። ያቺ አንዲት ቃል፣ ወይኔ!

አውሮፕላኑ መጣና ክንፉን ግራ ቀኝ ወዘወዘ። አየኝ ብላ ልቧ ዘለለ። ዞሮ ሲመለስ ግን ድምፁ እንደሚያስለው ሰው ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ድምፁ የጠፋ አውሮፕላን እንዴት ያስፈራል! ወደ ሜዳው ዝቅ እያለ ሲመጣ ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው።

«ውጡ! ሜዳውን ልቀቁ!» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት?

ሰዉ ላይ ሊደርስ ሲል ክንፉ ዘመመ፤ ሜዳውን ትቶ ከበታች ያለው እንሰት ውስጥ ገባ። እንሰት ለስላሳ ነው፣ እየተቀነጠሰ ተቀበለው። መሃሉ ላይ የቆመው ዋንዛ ግን ለስላሳ አልነበረም። ኢዮስያስን እግሩ ተሰብሮ በሕይወት አወጡት። ዋንዛው የመታው በአብራሪው በኃይለኢየሱስ በኩል ነበር፤ እሱ አልተረፈም።

ሆስፒታል ልትጠይቀው ስትሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«በጨለለቅቱ በኩል እንለፍ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» አላት።

«ሰዉን ሜዳ ላይ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።»

እጅ ለእጅ መያያዝ እንኳ ፈሩ።

«ይቅርብን፣ ኢዮስያስ።»

ኢዮስያስ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ፣ «ይቅርብን ይሆናል። የኃይለኢየሱስ እናት ግን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሌላ አፍ አይስሙት» አላት።

በክራንች መሄድ ሲችል ዲላ፣ የሟቹ እናት ወይዘሮ መንበረ ቤት ገቡ። አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሰሙ።

«ልጄ ጋቢውን አየው?»

«አየው፣ እማማ። ሞተሩ ገና ደህና ነበር። ‹እሺ ብለውሃል! ሚዜህ እኔ ነኝ› አለኝ።»

«ኋላስ? ሰዉን ሲያይ?»

«‹ሕፃናት አሉ› አለ። ሌላ አልተናገረም።»

ወይዘሮ መንበረ አለቀሱ። ሉሲ ልትደግፋቸው ብትነሳ በእጃቸው መለሷት።

«ይቅር ብያለሁ እንድል አትጠብቁ፤ ዛሬ አልችልም። ልጄ ግን ሚዜ እሆናለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። የልጄን ቃል አታጥፉብኝ።»

በዓመቱ ያለ ጭፈራ ተጋቡ። ከሙሽራው ጎን የሚዜው ወንበር ባዶ ነበር። ምግቡ ሊነሳ ሲል ወይዘሮ መንበረ ጥቁር እንደለበሱ ገቡ። ማንንም ሰላም ሳይሉ ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እህል አልቀመሱም። የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ግን ከዚያ ወንበር አልተነሱም።