የሰማይ ቤት ክኒን

በያጁን ያገኙት ከክሬኑ ከወደቁት የብረት ዘንጎች ሥር ነው። የሚታየው አንድ እጁ ብቻ ነበር፤ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም።

ክሬኑን ሲያንቀሳቅስ የነበረው ሰው እስኪወርድ ሠራተኛው ሁሉ ቀና ብሎ ጠበቀው። ቀኑን ሙሉ ከደመና ጋር ስለሚውል "ሰማይ ቤት" ይሉታል። እግሩ መሬት ሲነካ መሰላሉን ይዞ ቆመ። ማንም አልደገፈውም።

መርማሪዋ የግንባታውን ቢሮ በር ዘጋች።

"ጠጥተሃል?"

"ጠጥቼ አላውቅም።"

"እንቅልፍ ወሰደህ?"

"ዓይኔ ጨለመ። መቆጣጠሪያው ላይ ተደፋሁ። ስነቃ ጭነቱ የለም።"

"የምትወስደው መድኃኒት አለ?"

"የኮሌስትሮል። ከጀመርኩት ወዲህ ብድግ ስል ያዞረኛል። ሥራ እንዳያስለቅቁኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።"

ይህን ሲል የራሱ ድምፅ አስደነገጠው። ሰው የገደለው ዝምታው መሰለው።

ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ግፊቱን ለካ፤ አላመነም፤ ደግሞ ለካ።

"በጣም ወርዷል። የኮሌስትሮል መድኃኒት ግፊት በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል የሚሉ አሉ። ግን ሰው እስኪጥል አይደለም።" ሰማይ ቤት ከቦርሳው ካወጣው የመድኃኒት ብልቃጥ አንድ ክኒን ወስዶ አገላበጠው። "ይሄማ የኮሌስትሮል አይደለም። የደም ግፊት ማውረጃ ነው፤ ያውም ጠንካራው።"

ሰማይ ቤት ብልቃጡን ተቀብሎ አየው። የሆነ ሰው ብልቃጡን ከፍቷል። የሚያውቀው ሰው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ተለዋጩ ኦፕሬተር ነበር። ቦርሳቸውን የሚሰቅሉት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ወንበሩንም ሲመኝ ኖሯል።

"ተመኝቻለሁ፣ አልደብቅም" አለ ተለዋጩ። "ግን ተራዬ እስኪደርስ ጭነት የማስረው እኔ ነኝ፤ ከሱ ሥር ነው የምውለው። ምን ቆርጦኝ ራሴ ላይ አስጥላለሁ?"

እውነት ነበር። የቀረው ቤት ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ከእናቱ በቀር ማንም የለም።

በመርማሪዋ መኪና ወደ ቤቱ ሲሄዱ ሰማይ ቤት መንገዱን በመስኮት አየ። ምነው መንገዱ ባላለቀ፣ አለ በልቡ።

እናቱ የበሩን መቃን ተደግፈው ከፈቱ። ግንባራቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረዋል፤ ዓይናቸው ደም መስሏል።

"ምነው እማዬ?"

"ራሴን ነው፣ ልጄ። ሊፈነዳ ነው።"

መርማሪዋ ትክ ብላ አየቻቸው። "እናቴ፣ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"በየቀኑ።"

"እስቲ ያሳዩኝ።"

አሮጊቷ አልተንቀሳቀሱም። ብልቃጡን ከመደርደሪያው ያወረደው ልጃቸው ነው። በውስጡ ያለው ክኒን ሐኪሙ ካሳያቸው የግፊት መድኃኒት ጋር አይገናኝም። የእሱ ነበር፤ የኮሌስትሮሉ።

"እማዬ?"

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"አባትህን ከከፍታ ላይ ወድቆ በቃሬዛ አመጡልኝ። አንተንም ስጠብቅ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ስሞት ኖርኩ። ውረድ ብል አልሰማ አልከኝ። የኔን ክኒን ካንተው ጋር የለዋወጥኩት ትንሽ ቢያዞርህ ሐኪሙ መውጣት ይከለክልሃል ብዬ ነው። መድኃኒት እኮ ነው፤ እኔን ያቆየኝ መድኃኒት ማንን ይጎዳል ብዬ።"

"ሰው ሞቷል፣ እማዬ። በያጁ ሞተ።"

እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ወደ ልጃቸው ቀና ብለው፣

"እናት አለችው?" አሉ።

"አለችው።"

መርማሪዋ ክንዳቸውን ያዘች። "መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንሂድ። በዚህ ግፊት ቃል መስጠት አይችሉም።"

ልጁ ሊደግፋቸው በሌላው ወገን ቆመ። እጁን ዘረጋ፤ ግን ሳይነካቸው ቆየ። ፈራቸው።