ባለቤት ያጣችው ነሐስ

ያ ቀን ያስወጣኝን መጀመሪያ ልንገርህና እንገላገል፤ ስልሳ ሦስት ጆንያ ሰሊጥ፣ አንድ ጄሪካን ናፍጣ፣ አንድ የብረት በር፣ እና እስከ ዛሬ ያልተመለሰልኝ የቀትር እንቅልፍ። ሌላውን ገበያ ይመልሰዋል፣ እንቅልፉን ግን ከማን እንደምጠይቅ አላውቅም።

እኔ፣ ወዳጄ፣ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሊጥና ማሽላ ሲሸጥ የኖረ ሰው በሚዛን ነው የሚያምነው፣ በሚዛኑም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ከፈተሸው በኋላ ነው። እናቴ መተማ ሳለን፣ ቀትር ላይ ውጭ አትዙር፣ ጋኔን የሚወጣው በጠራራ ፀሐይ ነው ስትለኝ፣ ታዲያ ይህ ጋኔን ምን ያለ ጅል ነው፣ በዚህ ሙቀት ጥላ ፈልጎ አይተኛም ወይ ብዬ ጥፊ ቀምሻለሁ። እንዲህ ያለሁ ሰው መሆኔን ይዘህ ስማኝ።

መጋዘኔ ውስጥ ከባሱንዳ ገበሬዎች የሰበሰብኩት መቶ ሦስት ጆንያ ሰሊጥ ነበር፣ ለአንድ የፖርት ሱዳን ነጋዴ ተሽጦ ያለቀ፣ ናፍጣ ጠፋ እየተባለ መኪናው ዛሬ ነገ ሲል ከርሞ በመጨረሻ ያን ዕለት ከሰዓት እንደሚመጣ ተነገረኝ። እኔና ሚዛን ያዤ ጋሽ ማሩ፣ የጭልጋ ሰው ነው፣ ዕድሜውን ሲጠይቁት በጆንያ የሚመልስ ሽማግሌ፣ በረንዳው ላይ ጋደም ብለን ነበር። ስድስት ሰዓት ገደማ ጋሽ ማሩ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና፣

"የሚቃጠል ጆንያ ይሸተኛል" አለ።

"ሕልምህ ነው የሚሸትህ፣ ተኛ" አልኩት።

ሕልሙ አልነበረም። ባዶ ጆንያዎቹን የሶላሩ ባትሪ አጠገብ የከመረ ሰው ነበር፣ ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ዘይት የጠጣ ባዶ ጆንያ ደግሞ ክብሪት እስኪጫርለት አይጠብቅም።

ወደ መጣፊ ደወልኩ፣ እሳት አጥፊዎቹን እዚህ የምንጠራቸው እንዲህ ነው። ያነሳው ሰው በጣም ትሑት ነበር። "ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ መኪናው አለ፣ ውሃው አለ፣ ሰዎቹም አሉ፣ ናፍጣ ብቻ ነው የሌለን" አለኝ። እመነኝ፣ ስልኩን ወደ እሳቱ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። የጄኔሬተሬን ናፍጣ በጄሪካን ይዤ፣ ሪክሻ ላይ ተሳፍሬ፣ ጄሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፌ ደረስኩላቸው።

አለቃቸው ሻዊሽ እድሪስ ይባላል፣ ሻዊሽ ማዕረጉ ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ልብሱ በብረት የተተኮሰ፣ ችኩል ሰው ከሩቅ ሲያይ የሚያዝንለት ዓይነት። ጄሪካኑን አየና ደረሰኝ አወጣ።

"ስምህ?"

"ሻዊሽ፣ መጋዘኔ እየነደደ ነው!"

"እንግዲያው ቶሎ ንገረኝ። ስምህ? ያለ ደረሰኝ ከሰው እጅ ናፍጣ አልቀበልም፣ ነገ እድሪስ ጉቦ በላ ትለኛለህ።"

"ጉቦ ብላ! ወላሂ ብላ፣ ብቻ ተነስ!"

"የጄሪካኑ መጠን?"

ፈረምኩ፣ ሾፌራቸው ግን የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ እየሰገደ ነበር፣ እሱንም ጠበቅን። ከእሳት አጥፊዎቹ አንዱ፣ ኡስማን የሚባል ጎረምሳ፣ እናቱ የቋራ ሰው ነች፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ጥርሴን ሳፋጭ አየኝና በአማርኛ፣ "አይዞህ ጋሼ፣ ሻዊሹ ይዘገያል እንጂ ሰው ጥሎ አይወጣም" አለኝ። እኔ ሰው ጥሎ መውጣቱ መች አሳሰበኝ፣ ያሳሰበኝ ሰሊጤ ነው።

ስንደርስ ጋሽ ማሩ በባልዲ እየደፋ እሳቱን ከአንዱ ጥግ እንዳይወጣ ይዞታል፣ ጭሱ ግን በሩን ደፍኖታል። ሻዊሹ ሥራ የጀመረው፣ ብታምንም ባታምንም፣ ትንሽ ሰሌዳ ግንቡ ላይ በመስቀል ነው። ደንባቸው ነው አሉ፣ ወደ ጭስ የሚገባ ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ያለችውን ቁጥር የተቀረጸባት ክብ ነሐስ አውልቆ ለአለቃው ይሰጣል፣ አለቃው ሰሌዳው ላይ ያንጠለጥላታል፣ ሰውየው ሲወጣ ይወስዳታል። ይህን እንኳ ወደድኩለት፣ እኛም ቤት ተሸካሚ አንድ ጆንያ ባወጣ ቁጥር አንዲት ክብ ብረት እንሰጠዋለን፣ ማታ ብረቱን ቆጥረን እንከፍላለን፣ አንዲት ብረት ከጆንያው በላይ ከተገኘች በመካከላችን ሌባ አለ ማለት ነው። ኡስማንና ሁለት ጓደኞቹ ገቡ፣ ሦስት ነሐስ ተንጠለጠለ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ የሰው ነገር አሳስቦኝ ሳይሆን መቁጠር ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሻዊሹ ሰሌዳው ሥር ቆመ፣ ሾፌሩ ፓምፑ ላይ ቀረ።

እውነቱን ልናገር፣ ጎበዞች ናቸው። እሳቱ የበላው ስድስት ጆንያ ብቻ ነው። ሦስቱም እያሳሉ ወጡ፣ እያንዳንዱ ነሐሱን አነሳ፣ እኔም ልመርቃቸው እጄን ወደ ላይ እያነሳሁ ሳለ ሻዊሹ ሰሌዳውን አይቶ ቀጥ አለ።

አንዲት ነሐስ እንደተንጠለጠለች ናት።

"ማን ነው ውስጥ የቀረው?" አለ።

ተያዩ። ሦስት ነን አሉት። አሰለፋቸው፣ ቆጠራቸው፣ ሾፌሩን ጠርቶ አንገቱን አየ፣ ወደ ጣቢያ ደውሎ እዚያ ያሉትን በስማቸው አስጠራ። ሁሉም አለ። ነሐሷን እኔም ጠጋ ብዬ ዳሰስኳት፣ ቁጥሯ ተፍቆ ጠፍቷል፣ ግንቡ በፀሐይ ግሎ እጅ የማያስነካ ሆኖ ሳለ እሷ ግን ቀዝቃዛ ናት፣ ከእንስራ ሥር እንደወጣች።

"አሮጌ ትሆናለች፣ ከሰሌዳው ጋር አብራ የመጣች" አልኩ።

"ሰሌዳውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ ባዶ ነበር። ሰሌዳው ባዶ ካልሆነ እሳቱ አልጠፋም" አለኝና የመጥረቢያውን ጀርባ አንስቶ የብረት በሬን ሦስት ጊዜ መታ። በጭስ ውስጥ መንገድ የጠፋው ሰው ሲሰማ በዚያው ልክ ይመልሳል፣ ይህም ደንብ ነው። ሁላችንም ዝም አልን። ፓምፑም ጠፋ።

ከውስጥ ተመለሰ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

አይጥ ነው እንዳትለኝ፣ እኔም በኋላ ብዬዋለሁ፣ ቆይ። ድምፁ የመጣው ከሰሊጡ ክምር መሐል ነው፣ የሰሊጥ ክምር ደግሞ ድምፅ አያወጣም፣ ይውጣል እንጂ፣ ከኋላው መድፍ ቢተኮስ ማሳል ነው የሚመስልህ፣ ጆንያዎቹም በጋሽ ማሩ እጅ የተደረደሩ ናቸው፣ እንኳን ሰው ቢላዋ አይገባባቸውም። ጋሽ ማሩ አማተበና፣

"ጌታዬ፣ ይህ ሰዓት ጥሩ አይደለም" አለኝ።

"አንተ ደግሞ ጀመረህ!" አልኩት።

ሻዊሹ ክምሩ ይፍረስ አለ። በሩ ጠበበው፣ በሩን ነቀለው። ጆንያ እየወጣ ግቢው ውስጥ ውሃውና ጭቃው ላይ ይወረወር ጀመር፣ ጭቃ የነካው ሰሊጥ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ፣ ለከብት እንኳ ተለምኖ ነው። እኔ በየጆንያው እየጮህኩ፣ "ኧረ ቀስ! ኧረ ሸራ ላይ! ኧረ ሰው የለም!" እላለሁ፣ እሱ ደግሞ በየረድፉ ቆም ይልና በመጥረቢያው ሦስት ጊዜ ይመታል፣ መልሱም ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ረድፍ ይመጣል፣ ቀርበን ስንከፍተው የለም፣ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ሸሽቷል። እንደ ገበያ ዋጋ፣ ደረስኩበት ስትል ከፍ ይላል።

አርባ ጆንያ ሲቀር የፖርት ሱዳኑ መኪና በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። እዚያ ላይ ነው፣ ወዳጄ፣ ነገሩ በእኔ እጅ የወደቀው። አርባው ጭቃ ከነካው ገዢው ሌላ ሻጭ ይፈልጋል፣ እኔም ለባሱንዳ ገበሬዎች ምን እንደምል አላውቅም። ስለዚህ ሰሌዳው ጋ ሄድኩና ሻዊሹን ጠራሁት።

"ሻዊሽ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይህች እኮ የእኔ ናት። የተሸካሚዎቻችን መቁጠሪያ ናት። በግርግሩ ከኪሴ ወድቃ ሰው አንስቶ ሰቅሏት ይሆናል።"

አየኝ። አንድ ጆንያ ሰሊጥ አፍስሶ የሚያበጥር ሰው እንደሚያየው አየኝ።

"ድምፁስ?"

"አይጥ ነው።"

"አይጥ ሦስት ይቆጥራል?"

"የገዳሪፍ አይጥ ነው፣ ከነጋዴ ጋር ነው ያደገው።"

አልሳቀም። "ማል" አለኝ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ወላሂ ማለት ግን የሃያ ዓመት የገበያ ልማዴ ነው፣ በዋጋ ላይ ስምልበት ኖሬያለሁ፣ በሰው ላይ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። "ወላሂ የእኔ ናት" አልኩ። መዝገቡን አወጣ፣ ውስጥ የቀረ ሰው እንደሌለ ባለንብረቱ አረጋግጧል ብሎ ጻፈ፣ አስፈረመኝ፣ ነሐሷን ከሰሌዳው አውርዶ በመዳፌ ላይ አኖራት። "ያንተ ከሆነች አንተ ያዛት። ኸላስ፣ አለቀ።"

ቱቦ እየጠቀለሉ ሳለ ኡስማን ወደ እኔ ተጠጋ። ፊቱ ላይ የነበረው ላብ ብቻ አልነበረም።

"ጋሼ፣ እኔ ውስጥ ሳለሁ ቱቦውን ከኋላዬ ሆኖ የሚይዝልኝ ሰው ነበር። ቱቦ ለብቻ አይያዝም፣ ይጥልሃል። ከሁለቱ አንዱ ነው ብዬ... አሁን ጠየቅኳቸው፣ ሁለቱም በሌላው ጥግ አካፋ ይዘው ነበር። ትከሻዬን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጎ ወደ በሩ አዙሮኛል። ለሻዊሹ ልንገረው?"

በሩ ላይ የጭነት መኪናው ረዳት ጋቢናውን እየደበደበ ነው፣ ቶሎ በሉ ይላል።

"ብትነግረው ግድግዳውን ያፈርስብኛል" አልኩት። "ጭስ ነው፣ ልጄ። ጭስ ብዙ ያሳያል። ሂድ።"

ሄደ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሄደ።

አርባውን ጆንያ ተሸካሚዎች አወጡ፣ እኔ እያንዳንዱ ሲነሳ ከሥሩ ስመለከት ዓይኔ ደከመ፣ የመጨረሻው ተነሳ፣ ወለሉ ባዶ፣ ግድግዳው ደረቅ፣ ሰው የለ፣ ጉድጓድ የለ። ጋሽ ማሩን፣ "አየህ?" አልኩት፣ እሱ ግን መጋዘኑን ሳይሆን ከግቢው የሚወጣውን መኪና ነበር የሚያየው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የጭነት መኪናው ሾፌር ከከተማው መውጫ ኬላ ደወለልኝ። ተቆጥቷል። "ያ ዞል፣ ጭነቱ ላይ ማንን ነው ያሳፈርከው? ወታደሮቹ ሰው ደብቀሃል ብለው አስቆሙኝ፣ ሸራውን አስፈቱኝ። ከመሐል የሚያንኳኳ አለ።"

"አገኙ?"

"ምንም። ሊያስወርዱኝ ነበር፣ እምቢ ብዬ አለፍኩ። ግን አሁንም ያንኳኳል፣ መንገዱ ሲያነጥረን መስሎኝ ነበር፣ ቆሜም ያንኳኳል።"

"ጆንያ ሲረግብ ነው" አልኩና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልሠራም፣ አርባው ጆንያ ግን በደኅና ደርሷል ብሎ ገዢው መልእክት ልኮልኛል፣ ስለ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ሻዊሽ እድሪስ ብቻውን መጣ። ያጠፉት እሳት እንዳያገረሽ በማግስቱ ተመልሶ ማየት ደንባቸው ነው። አመዱን በእጁ ዳሰሰ፣ ባዶውን ወለል ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፣ ከዚያ የተነቀለውን በር ግድግዳ ላይ ተደግፎ አገኘውና በጉልበቱ ተንበርክኮ ሦስት ጊዜ መታው። ጠበቅን። ዝም።

"አሁንስ ልብህ አረፈ?" አልኩት።

"ትናንት የመለሰ ሰው ዛሬ ካልመለሰ ልቤ በምኑ ያርፋል?" አለና ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። "እንደ ገና ልጠይቅህ፣ አልቆጣም፣ መዝገቡንም እኔ አስተካክለዋለሁ። ያቺ ነሐስ ያንተ ናት?"

የሾፌሩ ስልክ ምላሴ ላይ ነበር። ብነግረው መኪናውን ፖርት ሱዳን ድረስ በእግሩም ቢሆን ይከተለው ነበር፣ አውቀዋለሁ፣ ያን ዓይነት ሰው ነው። ገንዘቤ ደግሞ ገና አልገባም።

"የእኔ ናት" አልኩት።

ሰላም ብሎኝ ወጣ። ነሐሷ ሚዛኔ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ አለች፣ በሚያዝያ ሙቀት አውጥቼ እይዛታለሁ፣ አትሞቅም። ጋሽ ማሩ መሳቢያውን አይከፍትም፣ እኔም ቀትር ላይ አልተኛም፣ ሂሳቡን ግን ዘግቻለሁ።

ሰሊጥ፣ መቶ ሦስት ጆንያ፤ የተበላሸ ስልሳ ሦስት፣ የተሸጠ አርባ። ሰው፣ የገባ ሦስት፣ የወጣ ሦስት፣ የቀረ አንድ።