ቀለሙ ያላለቀው ቀይ እስክሪብቶ

«ትክክል ነው?» አሉ ዶክተር ሊ በእንግሊዝኛ፣ ወረቀቱን ወደ ሞሚና እየገፉ።

«ትክክል ነው» አለች ሞሚና። ትክክል ግን አልነበረም፤ ኧረ በጭራሽ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተር ሊ ከቻይና መጥተው ሮቤ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ሐኪም ናቸው። የሞሚና አባት ከማለዲን ደግሞ የጤና ጣቢያው ዘበኛ። ልጃቸው ከዘጠነኛ ክፍል በእንግሊዝኛ አንደኛ እንደምትወጣ ለዶክተሩ ነገሯቸው። እሳቸውም ለሞሚና ቀይ እስክሪብቶ ሰጧትና፣ «በየቀኑ እጽፋለሁ፤ ስህተት ካየሽ አስምሪበት። እንዳታፍሪ!» አሏት።

ስህተቱማ ሞልቷል። ለሳቸው ወንድም ሴትም ያው «ሂ» ነው፤ ሚስታቸው ሳይቀሩ፦ «ማይ ዋይፍ፣ ሂ ኢዝ ቲቸር።» ትናንትም ዛሬም አንድ ነው፦ «የስተርደይ አይ ጎ ቱ ጎባ።» ሞሚና ሁሉንም ታያለች። ግን አባቷን የሚያህል ሰው ጽሑፍ ላይ ቀይ ታስምር? እጇ እምቢ አላት። እናቷ ዙቤዳም ገና ሲሰሙ፣ «አስተግፊሩላህ! ትልቅ ሰው ተሳስተሃል ይባላል እንዴ?» ብለዋት ነበር። በቃ፣ ሁለት ወር ሙሉ «ትክክል ነው» ስትል ከረመች። የእስክሪብቶው ቀለም አንድ ጠብታ አልጎደለም።

አሁን ግን ሐሙስ ሆነ። ጓድ ዲሬክተሩ ጋብዘዋቸው፣ ነገ ጠዋት ዶክተር ሊ እነሞሚና ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ማጭድና መዶሻው ከተሳለበት ግድግዳ ፊት ቆመው፣ ስለ ሳንባ በሽታ ይህንኑ ወረቀት ለተማሪው ሁሉ ያነባሉ። የክፍሏ ልጅ ዘይነዲን ደግሞ የሰው አነጋገር እየቀዳ ማሳቅ ሥራው ነው።

«ያ ሞሚና!» ብሏታል ዛሬ ጠዋት። «ያንቺ ቻይና ነገ ሊያወራልን ነው አሉ። ከፊት ነው የምቆመው! ዓመቱን ሙሉ እየቀዳሁ አስቃችኋለሁ።»

«አርፈህ ተቀመጥ!»

«ምነው? ስህተት አለው እንዴ?»

ሞሚና ጥላው ሄደች።

«ዶክተር፣ እባክዎ አንዴ ደግሜ ልየው» አለች አሁን።

ዶክተር ሊ ሳቁ። «ደግመሽ? ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀይ የለም! ለሚስቴ ጻፍኩለት፤ ጎበዝ አስተማሪ አግኝቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልሳሳትም አልኩት።»

ወዲያው ነርሷ ለበሽተኛ ጠራቻቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ሞሚና እስክሪብቶውን ከኪሷ አወጣች። አንዱን ካሰመረች ሁሉንም ማስመር ሊኖርባት ነው። ያኔ ሁለት ወር ስትዋሻቸው እንደነበረ ይገባቸዋል፤ ለሚስታቸው የጻፉትም ውሸት ይሆናል። ካላሰመረች ደግሞ ነገ ዘይነዲን ከፊት ቆሟል።

የመጀመሪያው መስመር ስለምታስል አንዲት እናት ነው የሚያወራው። እዚያም «ሂ» ተብላለች። ሞሚና ክዳኑን ነቀለች፤ ጫፉን ከ«ሂ» ሥር አስጠጋች። ከኮሪደሩ የዶክተሩ ኮቴ ሲመለስ ይሰማል።

እናንተ ብትሆኑ፣ እጃችሁ ይታዘዝላችሁ ነበር?