የጀልበኞቹ መቅዘፊያ

ጆዚ ፕሩሳክ ያየችውን ለአያቷ ብትነግራቸው ይሻላል ወይስ ሰኞ ከዜና ቢሰሙት? ከትናንት ጀምሮ ስታወጣ ስታወርድ ነበር።

አያቷን እንደ ሰፈሩ ፖላንዶች «ጃጃ» ነው የምትላቸው። ጃጃ ረጅሙን የእንጨት መቅዘፊያ ይዘው መስታወት ፊት ቆመዋል።

«ጀልባዋ ከዚህ ወደብ አትወጣም!» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ዞር አሉና፣ «እንዴት ነው? ይሰማል?»

«ካናዳ ድረስ ይሰማል» አለች ጆዚ፣ ድንች የተሞላ የፖላንዶች የሊጥ ቅቅል የሆነውን ፒሮጊዋን በሹካ እያገላበጠች።

የአሜሪካ እግር ኳስ ወቅት በተከፈተ ቁጥር «ጀልበኞቹ» ከሚባለው የከተማዋ ቡድን ደጋፊዎች አንድ አንጋፋ ይመረጣል። መቅዘፊያውን ሳምንቱን ቤቱ ያቆየውና እሁድ ሜዳው መሃል ለቡድኑ ባለቤት ያስረክባል። «ጀልባዋ ከዚህ ወደብ አትወጣም» ሲል፣ ባለቤቱ «አትወጣም» ብሎ ይመልሳል፤ ቡድኑ ከተማዋን አይለቅም ማለት ነው። ጃጃ ይህን ተራ አርባ ዓመት ጠብቀዋል።

ትናንት ጆዚ ወደ ቡድኑ ቢሮ የሄደችው «ጀልበኞቹን እነማን መሩ?» የሚል የታሪክ የቤት ሥራ ይዛ ነበር። የጓደኛዋ የብሌር አባት ግራንት ሄልምሪች የቡድኑ ባለቤት ስለሆነ በሩ ላይ የሚያስቆማት የለም። የኮሪደሩ ግድግዳ ግን ባዶ ነበር። ቡድኑን የመሠረተው ባለጀልባው ኦገስት ሄልምሪች፣ ቡድኑ በአንድ ዓመት አሥራ አንድ ጨዋታ ተሸንፎም «አልሸጥም» ያለችው ልጁ ሎቲ፣ እሷ ያባረረቻቸው አራት አሰልጣኞች፣ የሁሉም ፎቶ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው አድራሻ ሁለት ሺህ ማይል የሚርቅ ከተማ ነው፤ የመጫኛው ቀንም ሰኞ።

«ለእድሳት ነው» አለቻት ብሌር ዓይኗን ሰብራ። «ለማንም እንዳትናገሪ ግን፣ እሺ? በእናትሽ!»

ለእድሳት ከሆነ ምኑ ይደበቃል? ቡድኑ ከተማዋን ጥሎ ሊሄድ ነው እንጂ።

«ሎቲ በእጇ ጨብጣኛለች» አሉ ጃጃ፣ መቅዘፊያውን በጨርቅ እየወለወሉ። «የሄልምሪች ዘር ቃሉን አያጥፍም።»

ጆዚ ሹካዋን አስቀመጠች። እሁድ ስልሳ ሺህ ሰው ያጨበጭብላቸዋል። ሰኞ ያው ሰው ቪዲዮውን እየተቀባበለ ይስቅባቸዋል።

«ጃጃ፣ እስቲ ይቀመጡ።»

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

ነገረቻቸው። ካርቶኖቹን፣ አድራሻውን፣ የብሌርን «እሺ?» ሳይቀር።

«አሁን ለካርቶን ብለሽ ነው የምታስደነግጪኝ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ቀረ። መቅዘፊያው ላይ የተቀረጹትን የቀደሙ አንጋፋዎች ስሞች በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱ። ከመጨረሻው ስም በታች ለእሳቸው የተተወ ቦታ አለ።

«ሎቲ ብትኖር...» ብለው ተዉት። ከዚያ፣ «ይቺ ብሌር ጓደኛሽ ናት። ትቀየምሻለች።»

«አውቃለሁ።»

ጃጃ ተነሥተው መቅዘፊያውን ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ቁልፉ ሲዞር ተሰማ። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር፤ ቀዝቅዞ የቀረውን የጆዚን ፒሮጊ ስበው መብላት ጀመሩ።

ጆዚ ስልኳን አወጣች። ሁለት ጊዜ ጽፋ አጠፋች። ሦስተኛውን ላከችው፦

«ብሌር፣ ለጃጃ ነግሬያቸዋለሁ። እሁድ እንመጣለን። መቅዘፊያው ግን ከቤታችን አይወጣም።»

ብሌር መልእክቱን ማንበቧን ስልኩ አሳየ። መልስ ግን ያን ቀን አልመጣም፤ እሁድም አልመጣም፤ ካርቶኖቹ ተጭነው ከሄዱ በኋላም አልመጣም።