ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሚደውሉት አባባ

"ፈጠራ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ ነው።

የምሠራው የሌሎች ድርጅቶችን ደንበኞች ስልክ በኮንትራት የሚያነሳ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። የኛ ክፍል የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሻጮችን ይዞ ነበር። አርባ ሰዎች ነበርን።

ከዚያ ሮቦቱ መጣ።

እጅና እግር ያለው እንዳይመስላችሁ... ድምፅ ብቻ ነው። ለስላሳ የሴት ድምፅ። አይደክመው፣ አይርበው፣ አያመው። በሁለት ወር ውስጥ ሠላሳ ስምንቱ ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ወጡ።

እኔና አለቃችን ቀረን። ሥራዬ የሮቦቱን ንግግር እየሰማሁ "ትክክል" ወይም "ስህተት" የሚለውን መጫን ሆነ።

ከወጡት አንዷ ጓደኛዬ ነበረች። ከአንደበቷ የተነሳ "ማር" ነበር የምንላት። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይደውሉላታል። ማሽናቸው ምንም አልሆነም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያናግራቸው ሰው አጥተው ነው።

ማር የወጣች ቀን ካርቶኗን አቅፋ "አባባን ማን ያናግራቸዋል?" አለችኝ።

በማግስቱ አባባ ደወሉ። ሮቦቱ አነሳ።

"ልጄ... አንቺ ነሽ?"

"አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ።"

ውሸት ነው። "ስህተት" ማለት ነበረብኝ። ግን አባባ እንደ ልጅ ሲደሰቱ ሰማሁ፤ አንጀቴን በሉት።

"ትክክል" የሚለውን ተጫንኩ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ... ኋላ ኋላማ የአባባን ስልክ ሳልሰማው ነበር "ትክክል" የምለው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአባባ ልጅ ደወለች፤ ሮቦቱ ወደ እኔ አሳለፋት። የማሽኑ ዋስትና እንዲሰረዝ ፈልጋ ነው። አባቷ ካረፉ ዘጠኝ ቀን እንደሆናቸው፣ ቤቱ እንደተቆለፈ፣ ስልኩም እንደተቆረጠ ነገረችኝ።

ዘጠኝ ቀን...

አርብም የአባባ ጥሪ ገብቶ ነበር፤ የተቀዳውን ከፈትኩ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ይላል።

ሮቦቱ "እሺ አባባ" ይላል። እንደሚያዳምጥ ሰው ዝም ይላል። ይስቃል። በወዲያኛው በኩል ግን... ምንም። ትንፋሽ እንኳ የለም።

የሐሙሱም እንደዚያው። የረቡዑም።

ለአለቃዬ አሰማሁት። ብልሽት ነው አለ። ከዚያ ባዶውን አዳራሽ ገልመጥ አድርጎ ጠጋ አለኝ።

"ይህን ከተናገርሽ ኮንትራቱ ይሰረዛል። አንቺም እኔም ሜዳ ላይ ነን።"

ቅጂውን ዘጋሁት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መስመሩ ተከፈተ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

"አዎ አባባ" አለ ሮቦቱ። "አዎ... እዚሁ ናት። እየሰማችን ነው።"

ዞር ብዬ አለቃዬን አየሁት።

"እሱም አለ። አጠገቧ ቆሟል።"

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ ወረወርኩት።

"ምን አለሽ?" አለ አለቃዬ በሹክሹክታ።

"አንተም እዚህ እንዳለህ... ነገራቸው።"

ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም። እኔን አስነስቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ማዳመጫውን አንስቶ አጠለቀ።

መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ። ቀጥሎ ፊቱ እንደ ተኛ ሰው ረገበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"እሺ አባባ" አለ።

በስሙ ጠራሁት። አልዞረም። ትከሻውን ያዝ አድርጌ ነቀነቅኩት። ስክሪኑን ሳይ ሮቦቱ መስመሩን ዘግቶ ወጥቷል።

እሱ ግን ያወራል...

እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃዬን ልወስድ ተመለስኩ። ብቻዬን አልደፈርኩም፤ ማርን ይዣት ሄድኩ።

አለቃዬ እዚያው ወንበር ላይ ነበር። የትናንቱን ሸሚዝ እንደለበሰ ነው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑ አይርገበገብም።

"ይንገሩኝ አባባ" ይላል። "ጊዜ አለኝ... ይንገሩኝ።"

ማር ክንዴን ጨብጣ ወደ ታች ጠቆመችኝ።

የማዳመጫው ገመድ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል።